የዡኮቭስኪ ወንበር፤ ስለ ሶቪየት አየር ኃይል የመሐንዲሶች አካዳሚ አነሣሥና ፍጻሜ

ሚግ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1970 ዓመተ ምሕረት ከሶቪየት ኅብረት መጥተው በአገሪቱ ሰማይ ላይ መብረር ከጀመሩ ወዲህ የነዚህን የጦር አውሮፕላኖች ስም ያልሰማ፣ ነጐድጓዳቸውንም ሰምቶ ቀና ብሎ ያላየ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ከሚያውቀው ሰው ውስጥ ትርጓሜውን የሚያውቀው ብዙ አይደለም። ሚግ የሁለት ሰዎች መጠሪያ ነው፤ የፊተኛው ሆሄ ሚኮያን፣ የኋለኛው ጉሬቪች ሲሆን፣ በመካከል የገባው በሩሲያ ቋንቋ «እና» ማለት ነው። ከሁለቱ አንደኛው አርቴም ሚኮያን በአርመን አገር ሳናሂን በምትባል መንደር ከአንድ አናጢ ቤት የተወለደ ሰው ነበር። የአናጢው ልጅ አውሮፕላን ለመንደፍ የበቃው በሞስኮ ከተማ ከነበረ አንድ ከፍተኛ የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ ተማረ ነው።

ያ ትምህርት ቤት የዡኮቭስኪ የአየር ኃይል መሐንዲሶች አካዳሚ ይባል ነበር። የጦር ትምህርት ቤት በንጉሥ ወይም በጦር አበጋዝ ስም መጠራቱ በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ይህ ግን በአንድ የሒሳብ መምህር ስም ተጠራ። ነገሩም በስም ብቻ የሚቀር አልነበረም። በሌላው ዘንድ መንግሥት አስቀድሞ ቤት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ መምህር ይቀጥራል፤ በመጨረሻም ተማሪ ይሰበስባል። እዚህ ግን አስቀድሞ የተገኘው መምህሩ ነው፤ ጉባኤው ተከተለ፤ ግድግዳው ከሁሉ በኋላ መጣ። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ያለ ሰው አካዳሚው ስለ ምን እንዳበበ፣ በመጨረሻም ስለ ምን እንደ ደከመ ለማስተዋል አይቸገርም። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ1847 በቭላድሚር አውራጃ ኦሬሆቮ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው መሐንዲስ ነበሩና ልጅየውም የአባታቸውን ሙያ ለመያዝ ይመኙ ነበር። በ1868 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ምኞታቸውን ለመፈጸም ወደ ፒተርስቡርግ የመንገድ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ነገር ግን በመሬት ልኬት ፈተና ወድቀው ትምህርቱን አቋረጡ። ኋላ የመሐንዲሶች ሁሉ አባት የተባሉት ሰው በወጣትነታቸው የመሐንዲስነትን ፈተና ማለፍ ሳይችሉ መቅረታቸው ለመምህራን የሚያስተምረው ነገር አለ። በ1870 በሞስኮ በአንድ የሴቶች ጂምናዚየም ፊዚክስ ማስተማር ጀመሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ሞስኮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተዛውረው ሒሳብን፣ ቀጥሎም መካኒካን አስተማሩ። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ከጥቁር ሰሌዳ ፊት አልራቁም።

ዡኮቭስኪ አብራሪ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሰው በሞተር ኃይል ገና ሳይበር፣ ስለ በረራ የሚያስቡትን ብዙዎች እንደ ቅዠተኛ በሚቈጥሩበት ዘመን፣ እርሳቸው ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈውን ወፍ እየተመለከቱ በቍጥር ይመረምሩ ነበር። በ1891 ስለ ወፎች መንሳፈፍ ባቀረቡት ጥናት አንድ በራሪ አካል በአየር ላይ ሙሉ ክብ ሠርቶ ተገልብጦ ሊዞር እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1913፣ ፒዮትር ኔስቴሮቭ የተባለው የሩሲያ አብራሪ በኪየቭ ከተማ ላይ አውሮፕላኑን እንደዚያው አድርጎ አዞረ። በ1895 ደግሞ ወደ ጀርመን አገር ሄደው፣ ግላይደር በሚባለው ሞተር የሌለው አውሮፕላን ከኮረብታ ላይ እየተነሣ ይንሳፈፍ የነበረውን ኦቶ ሊሊየንታልን ጐበኙ፤ ከግላይደሮቹም አንዱ ወደ ሞስኮ መጣ። ሊሊየንታል በሚቀጥለው ዓመት ከአየር ወድቆ ሞተ። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ነገሩን ሲተዉ፣ ዡኮቭስኪ ግን የሊሊየንታልን ሞት የዕውቀት ጕድለት እንጂ የምኞት ስሕተት ነው አላሉም።

በ1902 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ አየር በማራገቢያ ኃይል የሚነፍስበት፣ የክንፍ ምሳሌ በውስጡ ተሰቅሎ የሚመረመርበት ረዥም ሣጥን መሰል መሣሪያ በእርሳቸው መሪነት ተሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በመላው ዓለም ዛሬም የሚማሩትን ሕግ ጻፉ። ነፋስ በክንፍ ላይ ሲያልፍ በላይኛው ፊት ይፈጥናል፤ በታችኛው ፊት ይዘገያል። ይህም የፍጥነት ልዩነት በክንፉ ዙሪያ እንደሚዞር ነፋስ ሊቈጠር ይችላል። እንግዲህ የአየሩን ጥግግት፣ የበረራውን ፍጥነትና የዚህን ዙረት መጠን ያባዛ ሰው ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሣውን ኃይል ያገኛል። የጀርመኑ ሊቅ ኩታም ወደዚሁ ሐሳብ በራሱ መንገድ ስለ ደረሰ ሕጉ በሁለቱ ስም ይጠራል። ከዚህ በኋላ ክንፍ መሥራት የድፍረትና የዕድል ነገር መሆኑ ቀርቶ የስሌት ነገር ሆነ።

ከመጻሕፍታቸው ይልቅ የላቀው ሥራቸው ግን ሰው ማፍራታቸው ነው። በ1909 ገደማ በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የበረራ ፍቅር ያደረባቸው ተማሪዎች በመምህሩ ዙሪያ ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ገንዘብ የላቸውም፤ ቤትም የላቸውም። እንጨት ጠርበው፣ ሸራ ወጥረው ግላይደር ይሠራሉ፤ የነፋስ መመርመሪያ መሣሪያም በእጃቸው ያበጃሉ፤ ሲሳሳቱ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ጠርተው ስሕተቱን በቍጥር ያሳዩዋቸዋል። ከነዚያ ተማሪዎች መካከል አንድሬይ ቱፖሌቭና ቦሪስ ስቴችኪን ይገኙ ነበር። የመጀመሪያው ስሙ ከታላላቅ አውሮፕላኖች ጋር የሚጠራ ሆነ፤ ሁለተኛው በሞተር ዕውቀት የታወቀ ሊቅ ለመሆን በቃ። በአገራችን የጉባኤ ተማሪ ደጁን አይቶ ሳይሆን የመምህሩን ዝና ሰምቶ አገር አቋርጦ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እነዚህም ወጣቶች የተሰበሰቡት መምህሩን ብለው ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ መምህሩና ተማሪዎቻቸው ለጦር አብራሪዎች የሚሰጠውን የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ያዙ። ቀጥሎ አብዮቱ መጣ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱም ተከተለ። ሞስኮ እንጀራና ማገዶ የጠፋባት ከተማ ሆነች። በዚያ የረኃብና የብርድ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1918፣ የአየርና የውሃ ፍሰት የሚጠናበት ማእከላዊ የምርምር ተቋም በዡኮቭስኪ መሪነት ተመሠረተ። በ1919 የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህም ትምህርት ቤት በኅዳር 1920 ከፍ ብሎ የቀዩ አየር ጦር መሐንዲሶች ተቋም ተባለና በመምህሩ ስም ተሰየመ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የሶቪየት መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ ሽማግሌው «የሩሲያ አቪዬሽን አባት» ተብለው ተጠሩ።

የክብሩ ዓመት ግን ለእርሳቸው የኀዘን ዓመት ነበር። ልጃቸው ኤሌና በ1920 በሳምባ ነቀርሳ ሞተች። አባትየው ከዚያ ኀዘን አልተነሡም፤ በመጋቢት 1921 በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። ስማቸውን የያዘው ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ ዕድሜው ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች መሥራቻቸው በሞተ ማግሥት ይበተናሉ። ይህኛው ያልተበተነው ዡኮቭስኪ ከሕንጻና ከንብረት ይልቅ በእርሳቸው ምትክ ቆመው የሚያስተምሩ ደቀ መዛሙርት ትተው ስለ ሄዱ ነው።

በ1922 ተቋሙ የአየር ጦር አካዳሚ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በሞስኮ የፔትሮቭስኪ ቤተ መንግሥት ተሰጠው። ይህ ሕንጻ በ18ኛው ምዕት ዓመት ማትቬይ ካዛኮቭ የተባለው የሕንጻ ሊቅ ለዳግማዊት ካትሪን የሠራው ነው። በ1812 ሞስኮ በእሳት ስትነድ ናፖሊዮን ከእሳቱ ሸሽቶ ያደረው በዚሁ ቤት ነበር። ነገሥታት ወደ ዘውድ በዓላቸው ሲጓዙ ያርፉበት የነበረው አዳራሽ ከዚያ ወዲያ የወታደር ጫማ የሚመላለስበት የትምህርት ክፍል ሆነ። ቤቱ ለትምህርቱ የተመቸበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የሆዲንካ የአውሮፕላን ሜዳ በአጠገቡ ነበርና ተማሪው በጠዋት በሰሌዳ ላይ የተማረውን በቀትር በሜዳ ላይ ሊያየው ይችል ነበር።

ወደዚያ አዳራሽ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የተመቻቸ ትምህርት አግኝተው ያደጉ አልነበሩም። ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ የመጡ መካኒኮችና ወታደሮች ነበሩ። ሰርጌይ ኢሊዩሺን ከቮሎግዳ አገር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። በ1910 በፒተርስቡርግ የአውሮፕላን ትርኢት ሲዘጋጅ ሜዳውን ከሚደለድሉት የቀን ሠራተኞች አንዱ እርሱ ነበር፤ አውሮፕላንንም በቅርብ ያየው አካፋ ይዞ ሳለ ነው። በ1921 ተማሪ ሆኖ ገባ፤ ግላይደሮች እየነደፈ ተምሮ በ1926 በመሐንዲስነት ተመረቀ። ኋላ የነደፈው ኢል 2 የተባለው አውሮፕላን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ36,000 በላይ ተሠራ። በጦር አውሮፕላኖች ታሪክ ይህን ያህል ብዛት የደረሰ ሌላ የለም።

የአሌክሳንድር ያኮቭሌቭ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። አካዳሚው በተማሪነት ስላልተቀበለው በ1924 በዚያው ግቢ በጋራዥና በጥገና ቤት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ መካኒክነት አገኘ። ቀን ሞተር እየጠረገ፣ ማታ ከተማሪዎቹ መጻሕፍት እየተዋሰ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነደፈ። አውሮፕላኗ በ1927 በረረች፤ በዚያው ዓመትም የአካዳሚው ደጅ ተከፈተለትና በ1931 ተመረቀ። በጦርነቱ ዘመን እርሱ በነደፋቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች ስም ከ30,000 በላይ ተሠርተዋል። ያኮቭሌቭን ያስገባው የምስክር ወረቀት አልነበረም፤ የእጁን ሥራ አይቶ ዋጋውን የሚያውቅ መምህር በዚያ ግቢ መኖሩ ነው። የአናጢው ልጅ ሚኮያንም በ1930ዎቹ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እርሱም እንደ ቀደሙት ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ።

ከዚህ የሚታየው የትምህርት ሥርዓት ቀላል ይመስላል፤ ለመፈጸም ግን አስቸጋሪ ነው። ተማሪው የሒሳቡን ትምህርት ሳይማር አውሮፕላን እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ አውሮፕላን ሳይሠራም ሒሳቡን ተማረ አይባልም። እጅና አእምሮ ተለያይተው በሚማሩበት ቤት አእምሮው ይመጻደቃል፤ እጁም ይደነቍራል። ዡኮቭስኪ በዚያ በድኾች ማኅበር ውስጥ የጀመሩት ልማድ መምህሩ ካለፉ በኋላ የመንግሥት አካዳሚ ሥርዓት ሆነ።

ይህን ሥርዓት ካጸኑት መምህራን አንዱ ፕሮፌሰር ቦሪስ ስቴችኪን ነበሩ። አየርን እየማገ፣ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ጋዙን ወደ ኋላ እየተፋ ወደ ፊት ስለሚገፋ ሞተር በዘመኑ የነበረው ዕውቀት ግምት ብቻ ነበር። ስቴችኪን ነገሩን በሒሳብ መሠረት ላይ አቁመው ለተማሪዎች አስተማሩ፤ በ1929ም በጽሑፍ አወጡት። የጄት አውሮፕላን በሰማይ ከመታየቱ ከ10 ዓመት በፊት የሞተሩ ሕግ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

እኒህ መምህር ግን ሁለት ጊዜ ታሰሩ፤ በመጀመሪያ በ1930፣ ዳግመኛም በ1937። ቱፖሌቭም በ1937 ታስሮ እስከ 1941 ድረስ በእስር ቤት ውስጥ ሆኖ፣ በጠባቂ ዓይን ሥር፣ አውሮፕላን እንዲነድፍ ተደረገ። ከ1934 እስከ 1936 የአካዳሚው አዛዥ የነበሩት አሌክሳንድር ቶዶርስኪ በ1938 ተይዘው ከ10 ዓመት በላይ በእስርና በግዞት ኖሩ። የመምህራንን ጉባኤ ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባው መንግሥት፣ መምህራኑን ከቤታቸው እየወሰደ ያሰረውም ራሱ ነው። የዚህ አካዳሚ ታሪክ ሲነገር ክብሩን ብቻ አንሥቶ ይህን ማለፍ ታሪክን ማጕደል ይሆናል። ሊቅን በእስር ቤት ማሠራት ይቻላል፤ ቱፖሌቭ በዚያም ሆኖ ሠርቷልና። ነገር ግን እስረኛ መምህር ደቀ መዝሙር በነጻነት አያፈራም፤ ጥያቄ መጠየቅ የፈራ ተማሪም ስሕተቱን ገልጦ አይናገርም። በአውሮፕላን ሥራ ደግሞ የተሸፈነ ስሕተት ሰው ይገድላል።

በ1940 የአዛዦችና የአብራሪ መኰንኖች ትምህርት ከአካዳሚው ተከፍሎ ከሞስኮ በስተ ምሥራቅ ሞኒኖ በተባለው ስፍራ የራሱን አካዳሚ አቋቋመ። የዡኮቭስኪ አካዳሚ ይበልጡን የመሐንዲሶች ቤት ሆኖ ቀረ። የአየር ኃይልን ነገር ከሩቅ የሚመለከት ሰው አብራሪውን ብቻ ያያል፤ ሰማይ ላይ የሚታየው እርሱ ነውና። ዳሩ ግን አንድ አውሮፕላን ለጥቂት ሰዓት እንዲበር በምድር ላይ ለብዙ ሰዓት የሚመረምሩት፣ የሚፈቱትና የሚገጥሙት ሰዎች ያስፈልጋሉ። የተሰነጠቀውን ብረት ከመሰበሩ በፊት የሚያየው፣ አውሮፕላኑ እንዳይነሣም የመከልከል ሥልጣን ያለው መሐንዲሱ ነው። በ1941 ጠላት ወደ ሞስኮ ሲቃረብ አካዳሚው መምህራኑን፣ ተማሪዎቹንና መሣሪያዎቹን ይዞ ከኡራል ተራራ አጠገብ ወዳለችው ወደ ስቨርድሎቭስክ ከተማ ተሰደደ፤ በ1943ም ተመለሰ። በስደት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ባይኖርም ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ መምህራኑ አብረው ሄደው ነበርና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአካዳሚው ስም በዓለም ሁሉ የተሰማበት ዘመን መጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን በ108 ደቂቃ ምድርን ዞሮ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሥታትና ፕሬዚዳንቶች የሚጋብዙት፣ ሕዝብ በአደባባይ የሚሻማበት ሰው ሆነ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ግን እርሱና ጓደኞቹ በዡኮቭስኪ አካዳሚ ለትምህርት ተመዘገቡ። ጋጋሪን በልጅነቱ ብረት የማቅለጥ ሙያ የተማረ፣ ቀጥሎም በሳራቶቭ የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በኦሬንቡርግም የበረራ ትምህርት ቤት ያለፈ ወጣት ነበር። መብረር ያውቃል፤ ስለ ምን እንደሚበር ግን እስከ ሥሩ ገና አልተማረም። ከሰው ልጅ ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የታየው ሰው ዝቅ ብሎ በተማሪ ወንበር ተቀመጠ።

ትምህርቱ የተከናወነው በብዙ ማቋረጥ ነው። ወደ ውጭ አገር ጉዞ ይታዘዛል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ ሌሎች ጠፈርተኞችን የማሠልጠን ሥራም በእርሱ ላይ ነበር። በዚህ ምክንያት ሰባት ዓመት ያህል ወሰደበት። በመምህራኑ ፊት የቀረበው ፈተና ቀላል አልነበረም፤ ዓለም ሁሉ ያደነቀውን ሰው «አልበቃህም፤ እንደ ገና ሥራ» ማለት ለማንም መምህር ከባድ ነው። ጠፈርተኞቹን በመመረቂያ ሥራቸው የመሩት ፕሮፌሰር ሰርጌይ ቤሎትሰርኮቭስኪ ነበሩ። ለቡድኑ የተሰጠው ሥራም ክንፍ ያለው፣ ወደ ጠፈር ሄዶ እንደ አውሮፕላን በሜዳ ላይ የሚያርፍ፣ ደጋግሞም የሚያገለግል የጠፈር መንኰራኵር መንደፍ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከሥራው አንድ ክፍል ያዘ፤ ለጋጋሪን የደረሰው የመንኰራኵሩ የክንፍ ቅርጽና የማረፊያው ነገር ነበር። የካቲት 17 ቀን 1968 ሥራውን በፈታኞች ፊት አቅርቦ ጥያቄያቸውን መለሰ፤ የአብራሪ፣ የመሐንዲስና የጠፈርተኛ ማዕረግም ተሰጠው። ቤሎትሰርኮቭስኪ ይህን የትምህርት ዘመን በኋላ በመጽሐፍ ጽፈውታል። በጠፈር የበረረች የመጀመሪያዋ ሴት ቫለንቲና ቴሬሽኮቫም በሚቀጥለው ዓመት ከዚሁ አካዳሚ ተመረቀች።

ጋጋሪን ከተመረቀ በኋላ አርባ ቀን አልሞላውም። መጋቢት 27 ቀን 1968 ብቻውን ለመብረር ከመፈቀዱ በፊት ከአሠልጣኙ ከቭላድሚር ሴርዮጊን ጋር የመፈተኛ በረራ አድርጎ ሳለ አውሮፕላናቸው ወድቆ ሁለቱም ሞቱ። የአደጋው ምክንያት እስከ ዛሬ ሲያከራክር ኖሯል። ሴርዮጊን በጦርነቱ ጊዜ በኢሊዩሺን አውሮፕላን የተዋጋ ጀግና ሲሆን፣ እርሱም በ1953 ከዡኮቭስኪ አካዳሚ የተመረቀ ነበር። የወደቀችው አውሮፕላን የሚኮያንና የጉሬቪች ሥራ የሆነችው ሚግ 15 ናት። የወደቀችበትም ስፍራ ኖቮሴሎቮ የምትባል መንደር ስትሆን፣ መምህሩ ዡኮቭስኪ በተወለዱበት በዚያው በቭላድሚር ምድር ናት። የአንድ ጉባኤ ልጆች በአንድ ጉባኤ ልጅ በተሠራ አውሮፕላን፣ በመምህራቸው አገር ወደቁ።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት መድከሙ ምን ጠቀመው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጋጋሪን ዝና ፈልጎ እንዳልተማረ የታወቀ ነው፤ ዝናው አስቀድሞ ነበረውና። አንድ ዓመት ሳይሞላ ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 1967፣ ጓደኛው ቭላድሚር ኮማሮቭ በሶዩዝ 1 ሲመለስ የማረፊያ ጃንጥላው ሳይዘረጋለት ቀርቶ ሞቶ ነበር። ኮማሮቭም በ1959 ከዚሁ አካዳሚ የተመረቀ መሐንዲስ ነው፤ ጋጋሪንም በዚያ በረራ የእርሱ ተጠባባቂ ነበር። እንግዲህ ጋጋሪን በክንፍ ስለሚያርፍ መንኰራኵር ሲያጠና የሚያጠናው ነገር ጓደኛውን የገደለው የመመለስ ችግር ነበር። ትምህርት ለሚማረው ሰው ብቻ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ በሞቱ ከንቱ በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን ከእርሱ በኋላ ለሚበሩት የተተወ ሥራ ነው።

የሞኒኖው የአየር ኃይል አካዳሚ በዚያው ዓመት በጋጋሪን ስም ተሰየመ። የመምህሩና የተማሪው ስም በሁለት ቤት ተለያይተው 40 ዓመት ኖሩ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች፤ ገንዘብ አነሰ፤ ሠራዊቱም ተቀነሰ። የፔትሮቭስኪ ቤተ መንግሥት ለሞስኮ ከተማ ተመልሶ ከታደሰ በኋላ የእንግዳ መቀበያና ሆቴል ሆነ። በ2008 ሁለቱ አካዳሚዎች ተዋሕደው አንድ እንዲሆኑ ተወሰነ። በ2011 ደግሞ የተዋሐደው ተቋም ከሞስኮ አካባቢ ተነሥቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ርቃ ወደምትገኘው ወደ ቮሮኔዥ ከተማ እንዲዛወር ታዘዘ። ዛሬ በዚያ የዡኮቭስኪንና የጋጋሪንን ስም አጣምሮ የያዘ ታላቅ የአየር ኃይል የትምህርትና የምርምር ማእከል አለ፤ በቮሮኔዥ መሐንዲሶችን፣ በሲዝራን ቅርንጫፉ የሄሊኮፕተር አብራሪዎችን፣ በቼልያቢንስክ ቅርንጫፉ የበረራ መንገድ መሪዎችን ያሠለጥናል።

ትእዛዙ ሰንደቅ ዓላማውን፣ መሣሪያዎቹንና ስሙን አዛወረ። ከመምህራኑ ግን ብዙዎቹ አልተከተሉም። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቤተ ሰባቸውና የምርምር ባልደረቦቻቸው በሞስኮ ያሉ ሰዎች ነበሩና፣ አንዱ ጡረታ ወጣ፣ ሌላው ወደ ሌላ ተቋም ገባ። በ1941 አካዳሚው ከጠላት ሸሽቶ ሲሰደድ መምህራኑ አብረው ስለ ሄዱ ሳይጐዳ ተመልሷል። በ2011 በሰላም፣ በወረቀት ትእዛዝ፣ በቂ ሕንጻ ተዘጋጅቶለት ሲዛወር ግን በ90 ዓመት ውስጥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወራረድ የመጣው ሰንሰለት ላላ። ሁለቱን ስደቶች ያነጻጸረ ሰው የትኛው ንብረት ከየትኛው እንደሚበልጥ ሳይነገረው ያውቃል።

አውሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ ቤተ መንግሥትም ለትምህርት ቤት በአንድ ቀን ሊሰጥ ይችላል። መምህር ግን በመምህር እንጂ በሌላ አይተካም፤ መተካቱም ዓመታት ይፈልጋል። ዡኮቭስኪ የመሐንዲስነት ፈተና ወድቀው ወደ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ሄደው ማስተማር በጀመሩ ጊዜ ከእርሳቸው ሰሌዳ የሰው ልጅ ወደ ጠፈር የሚወጣበት መንገድ እንደሚጀምር ያወቀ አልነበረም። ዛሬም በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጠመኔ በያዘ መምህር ፊት ከተቀመጡት ልጆች መካከል ማን ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ መምህሩ ሁሉንም እንደሚያውቃቸው አድርጎ ያስተምራል፤ ሕዝብና መንግሥትም መምህሩን ከሕንጻው አስቀድመው ይጠብቁታል።